ልባጥ፦ በቪዲዮ ጨዋታ ሥራ ገጽን ስለማልበስ የሚነገሩ ቃላት፣ ከአራዳና ከፒያሳ ግድግዳዎች አንጻር

የቪዲዮ ጨዋታ ሥራ በአገራችን ገና ወጣት ሙያ ነው። ይሁን እንጂ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ» የተሰኘውን የሞባይል ጨዋታ ሠርቶ ለሕዝብ ካቀረበ ወዲህ፣ ሙያው በኢትዮጵያውያን እጅ ሊሠራ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ጥያቄ አብቅቷል። የቀረው ጥያቄ የቋንቋ ነው። ባለሙያዎቹ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ «ቴክስቸሩን ሜሹ ላይ አፕላይ አድርገው» ይላሉ። በዚህ አባባል ውስጥ አማርኛው ቅጥያና ረዳት ግሥ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የሥራው ስም፣ የዕቃው ስም፣ የድርጊቱም ስም ሁሉ የተውሶ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከሙያው ቅርንጫፎች አንዱን፣ ማለትም ለጨዋታ በሚሠራ ሥፍራ ላይ ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው መልክ የሚለብስበትን አሠራርና ለዚህ አሠራር በአማርኛ ሊቆሙ የሚችሉትን ስሞች ነው። ለማስረጃነት የመረጥነው የአራዳንና የፒያሳን አሮጌ መንደር ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚያ መንደር ጭቃ፣ ድንጋይ፣ ቆርቆሮ፣ እንጨትና ሲሚንቶ በጥቂት እርምጃ ርቀት ጎን ለጎን ይገኙ ስለ ነበር ለተማሪ የተሟላ መልመጃ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የእነዚህ ገጾች ስሞች በግንበኛውና በለሳኙ አፍ ተዘጋጅተው የቆዩ ናቸው፤ ቃል ፈጣሪ ወደ መጽሐፍ ከመሮጡ በፊት ሊያዳምጣቸው ይገባል።

በቅድሚያ ነገሩን እናስረዳ። በኮምፒዩተር የሚታይ ቤት ውስጡ ባዶ ነው። የተሠራው እርስ በርሳቸው በተያያዙ ሦስት ማዕዘኖች ሲሆን፣ የእነዚህ ሦስት ማዕዘኖች መረብ የቤቱን ቅርጽ ይሰጣል። መረቡ ብቻውን ቀለምም፣ እድፍም፣ ስንጥቅም የለውም። መልኩን የሚያገኘው ጠፍጣፋ ሥዕል ተዘጋጅቶ በላዩ ሲነጠፍበት ነው። ይህን ዘዴ ኤድዊን ካትመል እ.ኤ.አ. በ1974 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ አስተዋወቀ። ዘዴው ወደ ጨዋታ ሲገባ በጠባቡ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው «ዎልፈንስታይን 3ዲ» በተባለው ጨዋታ ውስጥ ሥዕል የለበሰው ግድግዳው ብቻ ነበር፤ ሥዕሉም በወርድ 64 በቁመት 64 ነቁጥ ብቻ ነበረው። ወለሉና ኮርኒሱ አንድ ወጥ ቀለም የተቀባ ነበር።

እንግዲህ ይህን ጠፍጣፋ ሥዕል ምን እንበለው? እንግሊዝኛው «ቴክስቸር» የሚለውን ቃል የወሰደው ከላቲን ሲሆን ሥርወ ቃሉ ሽመናን ያመለክታል። ከዚያም በመነሣት ቃሉ የጨርቅን አሠራር፣ ቀጥሎም ማንኛውም ነገር በእጅ ሲዳሰስ የሚሰጠውን ስሜት ለመግለጽ ዋለ። በዚህ የተነሣ ተርጓሚ መዝገበ ቃላት ሲገልጥ «ሸካራነት» ወይም «ልስላሴ» የሚል ፍች ያገኝና ያንኑ ወደ ጨዋታ ሙያ ይዞ ይገባል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በጨዋታ ሥራ ውስጥ «ቴክስቸር» የሚዳሰስ ነገር አይደለም፤ ሥዕል ነው። የመስተዋት ሥዕልም፣ የውሃ ሥዕልም ቴክስቸር ነው፤ አንዳቸውም ሸካራ አይደሉም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በዚሁ ሙያ ውስጥ ገጹ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚበትን የሚመዘግብ ሌላ ሥዕል መኖሩ ነው። የእንግሊዝኛ ስሙ በቀጥታ «ሸካራነት» ማለት ነው። የመጀመሪያውን «ሸካራነት» ያለ ተርጓሚ ሁለተኛው ሲመጣ መውጫ ያጣል። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በእንዲህ ያለ ድርርብ ስም ቢታተም ተማሪው የሚያበላሸው የራሱን ሥራ ነው፤ ጥፋቱ ግን የእኛ ይሆናል።

ሌሎች እጩዎችም አሉ። «ገጽታ» ውብ ቃል ነው፤ ሆኖም ለከተማም፣ ለአገርም፣ ለሰውም ባሕርይ ስለሚነገር ለአንድ ቁርጥ ያለ ዕቃ ስም ለመሆን እጅግ ሰፊ ነው። «ልባስ» ወደ ልብስ ያደላል፤ የጨዋታው ሰው በእርግጥ ልብስ የሚለብስ ስለ ሆነ በኋላ ግራ ያጋባል። «ምርጊት» እና «ልስን» የግድግዳ ቃላት ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ውፍረት ያላቸውን ነገሮች ይሰይማሉ፤ ይህ ሥዕል ግን ምንም ውፍረት የለውም። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው «ሰም» ይበሉት ሊለን ይችላል፤ ሰሙ ከላይ፣ ወርቁ ከውስጥ መሆኑ ነው። ሐሳቡ ደስ ያሰኛል፤ ዳሩ ግን በጨዋታ ሥራ ከሥዕሉ በታች ወርቅ የለም፤ ባዶ መረብ ነው ያለው።

እኛ የመረጥነው «ልባጥ» የሚለውን ነው። «ለበጠ» ማለት አንድን ነገር በሌላ ስስ ነገር ሸፈነ ማለት ነው፤ እንጨቱን በብር ለበጠ፣ ገበታውን በቆዳ ለበጠ ይባላል። የመጽሐፍ ደጓሽ የሚሠራውን እንመልከት። የእንጨቱን ገበታ ቅርጽ አስቀድሞ ያበጃል። ቆዳውን ለብቻው ፍቆ፣ አለስልሶ፣ በልኩ ይቆርጣል። ከዚያም ቆዳውን በገበታው ላይ አልብሶ ጫፎቹን ወደ ውስጥ ያጥፋል። ቅርጹ ለብቻው፣ ሽፋኑም ለብቻው ተዘጋጅተው በመጨረሻ ይገናኛሉ፤ የጨዋታ ባለሙያውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሁለተኛ ምስክር ከሥዕል ሙያ እንጨምር። በብዙ የቆዩ አብያተ ክርስቲያናት ሠዓሊው በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥሎ ጨርቁን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ሥዕሉ ከግድግዳው ውጭ ተወልዶ በኋላ ግድግዳውን ለበሰ ማለት ነው።

ቃሉ ርቢም አይነፍገንም። ድርጊቱ «ልበጣ»፣ ሠሪው «ለባጭ»፣ መሣሪያው «መለበጫ»፣ ሥራው የተፈጸመለት ገጽ «የተለበጠ» ይሆናል። የስያሜ ሥራ የሚያውቅ አንባቢ እንደሚረዳው፣ አንድ ስም ብቻ ሰጥቶ የሚደርቅ ቃል ከእነ ቤተሰቡ ከሚመጣ ቃል ጋር አይወዳደርም። እርግጥ ነው፣ «ለበጣ» የሚለው ስም በዕለታዊ አማርኛ ላይ ላዩን እያመሰገኑ ውስጥ ውስጡን ማሾፍን ያመለክታል፤ በዚህ ምክንያት ቃሉን የሚጠሉ ሊኖሩ ይችላሉ። ድርጊቱን በሳድስ «ል» ጀምሮ «ልበጣ» ማለት ከዚያ ይለየዋል ብለን እናምናለን። አራሚዎች ግን በዚህ ፊደል ላይ ዓይናቸውን እንዲጥሉ አደራ እንላለን።

ጠፍጣፋ ሥዕል ጠፍጣፋ ባልሆነ ነገር ላይ እንዲነጠፍ አስቀድሞ የነገሩ ገጽ ተገፍፎ መዘርጋት አለበት። እያንዳንዱ የመረቡ ቋጠሮ በሥዕሉ ላይ የት እንደሚያርፍ በሁለት ቁጥሮች ይመዘገባል። ባለሙያዎች እነዚህን ቁጥሮች በላቲን ፊደላት «ዩ» እና «ቪ» ይሏቸዋል። ለአሠራሩ «ገፈፋ» የሚለውን ቃል እናቀርባለን። የበግ ቆዳ ለስልቻ ሲፈለግ ሆዱ ሳይሰነጠቅ ይገፈፋል፤ ስለዚህም ከረጢት እንደ ሆነ ይቀራል። ለብራና ሲፈለግ ግን ይሰነጠቅና ተዘርግቶ በመወጠሪያው ላይ ይወጠራል። ለባጩ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው፤ የት ላይ እንደሚሰነጥቅ መወሰን አለበት፤ በተሰነጠቀበትም መስመር ላይ በኋላ ስፌት ይታያል። አላግባብ የተወጠረ ቆዳ አንዱ ጎኑ እንደሚሳሳ ሁሉ፣ አላግባብ የተዘረጋ ገጽም ሥዕሉን ይለጥጠዋል።

ለምሳሌ ያህል የአራዳውን የገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን እንውሰድ። ሕንፃው ስምንት ማዕዘን ነው። ተማሪ ሊገፍፈው ቢፈልግ ከስምንቱ ማዕዘኖች አንዱን መርጦ ከላይ እስከ ታች ይሰነጥቃል፤ ያን ጊዜ ስምንቱ ግድግዳዎች እንደ ተዘረጋ ሰንሰል በአንድ ረድፍ ይነጠፋሉ። ሰንሰል ታጥፎ የሚከደን ባለ ሥዕል ብራና ስለ ሆነ ለዚህ ዓይነቱ ዝርግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ጥበቡ ያለው በስንጥቁ ምርጫ ላይ ነው፤ ተጫዋቹ በማያዘወትረው ወይም ዛፍ በሚከልለው ማዕዘን ላይ ቢሆን ስፌቱን የሚያይ አይኖርም።

አሁን ወደ መንደሩ ግድግዳ እንለፍ። በአሮጌው ፒያሳ የእንጨትና የጭቃ ቤት ግድግዳ አንድ ገጽ የለውም። ከውስጥ ማገር አለ፤ በማገሩ ላይ ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ ይህ ምርጊት ነው። ምርጊቱ ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅ ደቀቅ ባለ ጭቃ ይለሰናል፤ በላዩ ኖራ ወይም ቀለም ይቀባል። ዘመን ሲገፋ ባለቤቱ አቅም ካገኘ ሲሚንቶ ያስለስናል፤ ስቱኮ ይጨምራል፤ ወለሉን ሊሾ ያደርጋል። አንባቢ ልብ እንደሚለው፣ ከታች ያሉት ንብርብሮች ስሞች አገርኛ ሲሆኑ ከላይ ያሉት፣ ሲሚንቶ፣ ስቱኮ፣ ሊሾ፣ ኮርኒስ፣ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ፒያሳ የሚለው የሰፈሩ ስምም ያው ነው። እነዚህን የተውሶ ቃላት ለመቀየር የሚነሣ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው። «ሊሾ» ለስላሳ ማለት መሆኑን ሳያውቅ ሊሾ የሚያፈስ ግንበኛ በአማርኛ እየተናገረ ነው።

ልባጩ የሚነሣው ከፎቶግራፍ ከሆነ የብርሃን ነገር ይመጣል። በአዲስ አበባ ፀሐይ የምትወጋ ስለ ሆነች ረፋድ ላይ የተነሣ ግድግዳ የክፈፉን ጥላ በላዩ ይዞ ይቀራል። ያ ሥዕል በጨዋታው ውስጥ ሲለበጥ፣ የጨዋታው ፀሐይ በሌላ በኩል ብትሆን፣ አንዱ ግድግዳ በሁለት ፀሐይ የተመታ ይመስላል። ስለዚህ ግድግዳ ፎቶግራፍ ለማንሣት የክረምት ደመናማ ቀን ከበጋ ይሻላል። ብርሃንና ጥላ የተለየው፣ የነገሩ የራሱ ቀለም ብቻ የቀረበት ሥዕል በእንግሊዝኛ «አልቤዶ» ይባላል፤ በላቲን ነጭነት ማለት ነው። ይህን ቃል በቃል ከመተርጎም ይልቅ «የጥሬ ቀለም ልባጥ» ማለት ይበጃል። ሁለተኛው የሸካራነት ልባጥ ነው፤ እርጥብ ሊሾ ስለሚያብለጨልጭ በሥዕሉ ላይ ወደ ጥቁር፣ የደረቀ ምርጊት ስለማያብለጨልጭ ወደ ነጭ ይሣላል። ሦስተኛው የብረትነት ልባጥ ሲሆን፣ ያልተቀባውን ቆርቆሮ ከቀለሙና ከዝገቱ ይለያል።

አራተኛው ለተርጓሚ ወጥመድ ስለ ሆነ ጥቂት እንቆይበት። ጂም ብሊን እ.ኤ.አ. በ1978 ገጹ ሳይጎረብጥ የጎረበጠ የሚያስመስል ዘዴ አሳየ፤ ብርሃኑ ሲሰላ ገጹ የዞረበትን አቅጣጫ በየነቁጡ ማዛባት ነው። ከዚህ ሐሳብ የወጣው ሥዕል በእንግሊዝኛ «ኖርማል ማፕ» ይባላል። ይህን «መደበኛ ካርታ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሁለት ጊዜ ይስታል። «ኖርማል» እዚህ ላይ የሒሳብ ቃል ሲሆን ከገጹ ጋር ዘጠና ዲግሪ ሠርቶ የሚቆም መስመር ማለት ነው፤ ለዚህም የትምህርት ቤት ሒሳብ «ቀጤ ነክ» የሚል ቃል ካወረሰን ቆይቷል። «ማፕ» ደግሞ የአገር ካርታ አይደለም፤ ነጥብን ከነጥብ ማዛመድ ነው። እንግዲያስ «የቀጤ ነክ ልባጥ» ይባል። የሥራውን ጥቅም ለማየት የቆርቆሮ አጥርን ማሰብ ይበቃል። የቆርቆሮን ሞገድ ሁሉ በእውነተኛ ሦስት ማዕዘን መሥራት መረቡን እጅግ ያከብደዋል፤ በቀጤ ነክ ልባጥ ግን አንድ ጠፍጣፋ ገጽ በየሞገዱ ብርሃንና ጥላ ይዞ ይታያል። ተጫዋቹ አጥሩን በጠርዙ በኩል አሻግሮ ሲያይ ግን ጠፍጣፋነቱ ይጋለጣል፤ ስለዚህ ለጠርዙ እውነተኛ ሞገድ መሥራት ግድ ነው።

ስለ መጠን የሚቀርበው ስሌት ቀላል ነው። በአንድ ሜትር 512 ነቁጥ እንዲያርፍ ብንወስን፣ እያንዳንዱ ነቁጥ 4 ባይት ስለሚይዝ አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ሳይታመቅ ልክ 1 ሜጋባይት ይወስዳል። ርዝመቱ 100 ሜትር በሆነ መንገድ ግራና ቀኝ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ ቢኖር ስፋቱ 600 ካሬ ሜትር ነው፤ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ሥዕል ብንሰጠው 600 ሜጋባይት ያስፈልጋል። በአንጻሩ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ አንድ የምርጊት ሥዕል ዳር ለዳር እንዲገጥም ተደርጎ ቢደጋገም 4 ሜጋባይት ብቻ ይበቃል። ለዚህ «ተደጋጋሚ ልባጥ» የሚለው ስም ራሱን ያስረዳል። ጉዳቱ በሥዕሉ ላይ አንድ የዝናብ እድፍ ካለ ያው እድፍ በየ2 ሜትሩ መመለሱ ነው፤ የሰው ዓይን ይህን ወዲያው ይይዛል። ለቆርቆሮ መደጋገም ባሕርዩ ስለ ሆነ አያስነውረውም፤ ለጭቃ ግን ያስነውረዋል። ባለሙያው መደጋገሙን የሚሰብረው በላዩ ትናንሽ ሥዕሎችን እዚህም እዚያም በመጣል ነው፤ የተቀደደ ማስታወቂያ፣ የፈረሰ ልስን፣ የኖራ ጽሑፍ። የእነዚህ ስም «ልጥፍ» ቢሆን በፒያሳ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የለጠፈ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ዛሬ ቃሉ በማኅበራዊ መገናኛ ለሚወጣ ጽሑፍም መዋሉን እናውቃለን፤ ዐውዱ ስለሚለየው አያሳስበንም።

በዚህ አጋጣሚ የሥፍራውን ራሱን ስም ማንሣት ይገባል። በእንግሊዝኛ «ሌቭል» የተባለውን ብዙዎች «ደረጃ» ይሉታል። ተጫዋቹ «ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ» ሲባል ደኅና ነው። ነዳፊው «ደረጃውን ነደፈ» ሲባል ግን መወጣጫ የሠራ ይመስላል፤ እንደ ፒያሳ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ሰፈር ደግሞ በእውነትም መወጣጫ መሥራቱ አይቀርም። «በደረጃው ላይ ያለውን ደረጃ በድንጋይ ለብጠው» የሚል ትእዛዝ የደረሰው ሠራተኛ ምን ያድርግ? እኛ ለተጫዋቹ ማዕረግ «ደረጃ»ን ትተን፣ ለሥፍራው «መድረክ» እንዲባል እናሳስባለን፤ ሠሪውም «መድረክ ነዳፊ» ይሆናል።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ በምሳሌነት የያዝነው መንደር እንደ ቀድሞው አለመሆኑን አንዘነጋም። በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር በጣይቱ ሆቴል ላይ ቃጠሎ ደርሶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙው የፒያሳ አሮጌ ቤት ፈረሰ፤ በዚያው ዓመት የዓድዋ ድል መታሰቢያ በዚያው ሰፈር ተመረቀ። ቤቶቹ መፍረስ ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም የሚለው የዚህ መጽሔት ጉዳይ አይደለም። የመጽሔቱ ጉዳይ የሚሆነው ቃላቱ ናቸው። ማገር፣ ምርጊት፣ ልስን የሚሉት ቃላት በከተማው ውስጥ የሚያመለክቱት ነገር እያነሰ ሄዷል። ከእንግዲህ በአዲስ አበባ የሚወለድ ልጅ የጭቃ ግድግዳን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ምናልባት በጨዋታ መድረክ ላይ ይሆናል። የሥዕሉ ማኅደር «ግድግዳ 07» ከተባለ ልጁ የሚወርሰው ቁጥር ነው፤ «የተሰነጠቀ ምርጊት፣ ጭዱ የሚታይ» ከተባለ ግን ቃሉንም ይወርሳል። ስለዚህ የአሮጌውን ፒያሳ ፎቶግራፍ በእጃቸው የያዙ ለባጮች ለእያንዳንዱ ሥዕል የለሳኙን ስም እንዲሰጡት አጥብቀን እንመክራለን። ስሙን የሚያውቁት አረጋውያን ግንበኞች ናቸው፤ መጠየቅ ያለባቸውም ዛሬ ነው።

በመጨረሻ የቀረን አንድ ቃል አለ። ላንስ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳሳየው፣ ሩቅ ያለ ግድግዳ ሙሉውን ሥዕል ከለበሰ ነቁጦቹ ይርገበገባሉ፤ ስለዚህ ከዋናው ልባጥ ጋር በየጊዜው በግማሽ የሚያንሱ ቅጂዎች አብረው ይቀመጣሉ። ወርዱና ቁመቱ 1024 ነቁጥ ለሆነ ልባጥ፣ 512፣ 256 እያለ እስከ 1 ድረስ 10 ታናናሾች ይኖሩታል፤ ሁሉም በአንድነት የሚጨምሩት ቦታ ግን የዋናውን ሢሶ ያህል ብቻ ነው። ዊሊያምስ «ሚፕ» ያለው በላቲን «በጥቂቱ ብዙ» ከሚለው አባባል የመጀመሪያ ፊደላትን ወስዶ ነው። ለእኛ «ደቂቀ ልባጥ» የሚለው የተሻለ ይመስለናል፤ ደቂቅ በግእዝ ልጆች፣ በአማርኛ ደግሞ እጅግ ትንሽ ማለት ስለ ሆነ ሁለቱም ፍች ይስማማዋል። አንዱን ታናሽ ብቻ ለመጥራት ስንፈልግ «ሦስተኛ ደቂቅ» እንበል ወይስ ሌላ ነጠላ ስም እንፈልግለት በሚለው ላይ ግን ገና አልተስማማንም፤ የግእዝ ሊቃውንት አስተያየታቸውን ቢልኩልን በሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር ውስጥ እናካትተዋለን።